ያኔ አዲስ ነበር እኮ

ያቺ «ጭርርር» ያለች ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

አምና ግንቦት ነው። ደሴ፣ ሆጤ፣ እኔ ቤት። ደመናው ጦሳ ላይ ተኝቷል። ሳሎኑ ውስጥ እጣን ይጨሳል፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የእህቴ ልጅ መስተዋቱ ፊት ቆማለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የደከምኩበትን ቀሚስ ለብሳለች። «እስቲ እጅሽን አንሺ» አልኳት። እጇ ትከሻዋ ጋ ሳይደርስ ቀሚሱ በሙሉ አብሮ ተነሣ። ቁርጭምጭሚቷ ታየ። ትንሽ ጨመር ስታደርግ ከቀኝ ብብቷ ሥር ጭርርር አለ።

ሁሉም ጸጥ። ጀበናው ብቻ ይንተከተካል።

«ወላሂ ምንም አላደረግኩም!» አለች ልጅቷ። (ወሎ ውስጥ «ወላሂ» ለማለት ሃይማኖት አይጠየቅም።) እውነቷን ነው። ምንም አላደረገችም። እጇን ነው ያነሳችው። እኔ ግን ለአፍታ ተናድጄባት ነበር። «ቀስ ብለሽ አታነሺም?» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቆይቼ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ከቀዳዳው ይልቅ ይሄ ነው።

መቅደላ እዚህ፣ ቀሚሱ እዚያ

ነገሩ የመጣው በትምህርት ቤት ድራማ ነው። ለወላጆች ቀን ተማሪዎቹ የመቅደላን የመጨረሻ ቀናት ሊሠሩ ተነሡ። የእህቴ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን እንድትሆን ተመረጠች። ቴዎድሮስ የሚሆነው ልጅ ሹሩባውን ከእናቱ አሮጌ ዊግ ሠርቷል። ሽጉጡ እንጨት ነው። ለእሷ ግን «ከቤት የአገር ልብስ ይዘሽ ነይ» አሏት፤ አለቀ። ቤት ያለው የአገር ልብስ ደግሞ ለሠርግ የተሰፋ ነው፤ ወገቡ የተጣበቀ፣ ጀርባው ዚፕ ያለው፣ ጥልፉ በኮምፒውተር የወጣ። እቴጌ ጥሩወርቅ በዚፕ።

ልጅቷ ራሷ ናት ፎቶውን ያሳየችኝ። የእቴጌዋ ነው የሚባለው ቀሚስ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አለ። ነጭ የጥጥ ቀሚስ ነው፤ በሐር የተጠለፈ። እ.ኤ.አ. በ2018፣ መቅደላ የወደቀችበት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ሙዚየሙ ለሕዝብ ካቀረባቸው የመቅደላ ዕቃዎች አንዱ ነበር። ስልኩን ይዤ ጥልፉን በጣቶቼ እየለጠጥኩ ሳጎላ አመሸሁ።

መቅደላ እዚሁ ደቡብ ወሎ ናት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን ለማንም አልነግርም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔን የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ያወረደውን ዕቃ ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎታል ይባላል። ከዚያ ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን የፈጀ ሐራጅ ተካሄደ። ደላንታ! ዛሬ ደላንታ ሲባል የሚታወሰን ኦፓል ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ስንት መስቀል፣ ስንት ብራና፣ ስንት ካባ ተጫረቱበት። እቴጌዋም ከልጃቸው ጋር ወደ ሰሜን ሲወሰዱ በዚያው ግንቦት መንገድ ላይ ሞቱ። ጨለቆት ተቀበሩ።

ፎቶውን ለጓደኞቼ ሳሳይ አንዱ ሳቅ ብሎ «የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? እዚያ ምን ያደርግላቸዋል?» አለ። እኔም በዚያው ሞቅታ ልጅቷን «ይሄንን ነው የምሰፋልሽ» አልኳት። ሦስት ሳምንት ነበረኝ።

የተማርኩት ነው ያጠፋኝ

ስፌት የተማርኩት በማታ ኮርስ ነው። ቀን ቢሮ እውላለሁ፤ ማታ የእግር መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ። ለሰው ሰፍቼም አውቃለሁ፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የቤት ቀሚስ፣ መጋረጃ። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ። ልጅቷን ቀጥ አድርጌ አቆምኳት። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የትከሻ ስፋት፣ የእጅ ርዝመት ለካሁ። ወረቀት ላይ ሣልኩ። የእጅጌውን መግቢያ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቆረጥኩ። ወገቡ እንዲይዛት ጨርቁን ከኋላ ቆንጥጬ ሰፋሁት። ሥራዬ ያምር ነበር፤ አልዋሽም።

ጨርቁን ያመጣልኝ ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን ነው። አባቱ ሸማኔ ነበሩ። እሱ መወርወሪያ ከጨበጠ ቆይቷል፤ ጨርቅ ሲይዝ ግን ጣቶቹ የሌላ ሰው ይሆናሉ። ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣቱ መሃል ፈተግ ፈተግ አደረገና «ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን የእጅ ፈትል ነው» አለኝ። ከዚያ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ «ስፋቱን ባትነኪው ይሻላል፤ አባቴ ስፋቱ ሲቆረጥ አይወድም ነበር» አለ። ስፋቱ አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ ጨርቅ ሳይቆረጥ እንዴት ቀሚስ ይሆናል? ባጃጅ ነጂ ስፌት ሊያስተምረኝ ነው አልኩ በሆዴ።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። እኔ ደግሞ መልቀሙንም ለሰው ነው የተውኩት።

የሬሳ ልክ

ወደዚያች ከሰዓት ልመለስ። ጭርርር ካለ በኋላ መጀመሪያ የተናገሩት እማማ ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ቡና ሊጠጡ እንጂ ቀሚስ ሊያዩ አልመጡም።

«አንቺ ልጅ፣ ጨርቁን ምን አድርጎሽ ነው እንዲህ የቆራረጥሽው?»

«ልኳን እንዲይዝ ብዬ ነው እማማ።»

«የምን ልክ?»

«የሰውነቷን።»

ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ቆማ ነው የለካሻት?»

«አዎ።»

«እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚለካማ ሬሳ ነው» አሉ። «ሰው ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ውሃ ያወርዳል፣ ልጅ ያዝላል። እኒያ እቴጌስ በቅሎ ላይ አልወጡም?»

ጥልፍ የምትሠራው ጓደኛዬ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ አልሳቅኩም። ስድብ መስሎኝ ነበር። ግን ነገሩ ገባኝና ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት ፎቶ ላይ ሳፈጥ የነበርኩት ማንም ያልለበሰው ቀሚስ ላይ ነው። ፎቶው ውስጥ ቀሚሱ አይቀመጥም፤ አይጎነበስም። እኔም ልጅቷን ልክ እንደ ፎቶው አቁሜ ለካኋት። ድራማው ላይ ደግሞ እቴጌዋ የሰባት ዓመቱን ዓለማየሁን አቅፈው ከፍ የሚያደርጉበት ቦታ አለ። እኔ ይህን አውቃለሁ። ልምምዱን ሁለቴ አይቻለሁ። ቀሚሱን ስቆርጥ ግን አንዴም ትዝ አላለኝም።

እማማ ነጠላቸውን አወለቁና ምንጣፉ ላይ ዘረጉት። ለሁለት አጠፉት። «ይሄ ገላ ነው። ከፊት ተነስቶ በትከሻ ዞሮ ወደ ኋላ ይወርዳል። ትከሻ ላይ ምን ስፌት አለው? አንገቱን ብቻ ትሰነጥቂዋለሽ።» ከዚያ ጫፉን በሰያፍ አጠፉ። «ይሄን ቀጥ ያለ ቁራጭ በሰያፍ ስትቆርጪው ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆንልሻል። አንዱ በዚህ ጎን፣ አንዱ በዚያ ጎን ይገባል። ታቹ የሚሰፋው በዚያ ነው።» እጅጌው ቀጥ ያለ ነው፤ እጅ አንጓ ላይ ብቻ ይጠባል። «ብብት ሥር ደግሞ ይቺ አለች» ብለው የነጠላውን ጥግ እንደ መሐረብ አራት ማዕዘን አድርገው አጠፉና አሳዩኝ። «ይቺን ነው የረሳሻት።»

ልጅቷን ቤታቸው ልከው ከሣጥን ውስጥ አንድ ቀሚስ አስመጡ። የእናታቸው ነው። ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙ ተበልቷል። ብብቱ ሥር ስንዝር የማትሞላ አራት ማዕዘን ጨርቅ በሰያፍ ገብታለች። እጅጌውን ሳነሣው ያቺ ቁራጭ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋች። ሳወርደው ታጥፋ ጠፋች። ደጋግሜ አነሣሁ፣ አወረድኩ። የቀሚሱ ታች ንቅንቅ አላለም። በማታ ኮርሱ ስለ እጅጌ አንድ ወር ሙሉ ተምረናል፤ ይህችን ግን አላየኋትም።

ከዚያ ደግሞ ፌስታሉን አዩት። ከመኪናዬ ሥር የቁርጥራጭ ፌስታል አለ። ግማሽ ጨረቃዎቼ እዚያ ውስጥ ናቸው። እማማ አንዷን አንሥተው ክሯን ሳቡና «ይሄ የስንት ቀን ፈትል ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጅ ሳለሁ አያቴ በረንዳ ላይ ስትፈትል አይቻለሁ። ባዘቶው፣ እንዝርቱ፣ ቀስ እያለ የሚወፍረው ልቃቂት። ስንት ሴት ፈትላ ነው አንድ ሸማኔ የሚሸምነው። እንዲህ የተገኘ ጨርቅ ላይ የሚያምር ጎባጣ ቅርጽ ቆርጦ የተረፈውን ፌስታል ውስጥ መጣል ለእሳቸው እናት የሚታሰብ አልነበረም። በሸማኔው ስፋት ሲሰፉ የሚተርፍ የለም፤ ባጃጅ ነጂው በሩ ላይ ቆሞ ሊነግረኝ የሞከረው ይህንኑ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት። «እኔ እኮ ምክንያቱን አላውቀውም ነበር፤ አባቴ ሲቆጣ ነው የማውቀው» አለ።

ጀርባው የት አለ?

የቀረን አንድ ሳምንት ነው። ገላው አይጠገንም፤ አዲስ ጨርቅ ያስፈልጋል። ባጃጁ ሄደ፣ መጣ። ከዚያው ሸማኔ ነው ያመጣው፤ ግን ነጩ ያው ነጭ አልነበረም። አዲሱ በረዶ ይመስላል፤ ከመጀመሪያው የተረፉት እጅጌዎች ወደ ቅቤ ይወስዳቸዋል። ሌላ ለመፈለግ ጊዜ የለም።

ልጅቷ ቀን ትምህርት ቤት ናት። ስለዚህ ቀሚሱ የሚለካው በእኔ ላይ ሆነ። ሰፊዎች ፕሮቫ የሚሉትን ነገር ሁልጊዜ ለሌላ ሰው እንጂ ለራሴ አድርጌው አላውቅም። ራስ ላይ ሲሆን ጉድ ነው። ፊቴን በመስተዋት አያለሁ። ጀርባዬን ለማየት ስዞር ጨርቁ አብሮኝ ይዞራል። ጓደኞቼ ተሰበሰቡ። ነርሷ ከሥራ በቀጥታ መጥታ ከኋላ ስፒል ትሰካለች። ጠላፊዋ ተንበርክካ ታቹን በሳሙና ስባሪ ታሰምራለች። ባጃጅ ነጂው ዞር በል ተብሎ በረንዳ ላይ ቡና ይጠጣል። ነርሷ ስትወጋኝ «ሺህ ሰው ወግቼ እንዳንቺ የጮኸ የለም» ትለኛለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እኛ ቤት መጀመሪያ የታሰርኩት እኔ ነኝ። አንገቱ ጠቦ ቀሚሱ ጭንቅላቴ ላይ ቀርቶ ሦስቱ ተጋግዘው ነው ያወጡኝ።

እጄን አንሥቼ፣ ተቀምጬ፣ ጎንበስ ብዬ ትራስ አቅፌ ተነሣሁ። እማማ «በቅሎ!» አሉ። የሶፋው ክንድ ላይ ወጣሁ። ሁሉም ሳቀ፤ ስፌቱ ግን ያዘ።

ክርክሩ የመጣው ጀርባው ላይ ነው። ፎቶው ጀርባ የለውም። ከፊት ነው የተነሣው። ከኋላ ጥልፍ አለው? ዝም ያለ ነው? ጠላፊዋ «ባዶ ከተተወ ድሀ ይመስላል፤ አንድ መስቀል ልጣልበት» አለች። ነርሷ ያላየነውን አንፈጥርም ብላ ድርቅ አለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ከነርሷ ጋር ቆምኩ። ለንደን ሄደን ቀሚሱን ማዞር አንችልም። በየሙዚየሙ የተያዙትን የመቅደላ ዕቃዎች ሳስብ የሚያናድደኝ አንዱ ይሄ ነው። ፎቶ ይደርሰናል፤ ማገላበጥ አይደርሰንም። ከውስጥ እንዴት እንደተሰፋ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተጠገነ የሚታወቀው ገልብጦ በማየት ነው። በመጨረሻ ጀርባውን ከእማማ እናት ቀሚስ ወሰድነው። ባዶ፣ ቀጥ ያለ፣ ጥልፍ የሌለው። የእቴጌዋ ነው አንልም። የወሎ እናት ጀርባ ነው።

ጠላፊዋ ሌላም ቅሬታ ነበራት። «ይሄ ጆንያ ነው» አለች፤ «ልጅቷ መድረክ ላይ ስትቆም ምን ልትመስል ነው?» እንደ ሰፊ ሳየው አልተሳሳተችም። የእኛ ዓይን ወገብ ለምዷል። ወገብ ካላየን ቀሚስ አይመስለንም። መቀነት አስረን ሞከርነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ስትለብሰው ግን መቀነቱን ፈታችና ወዲያና ወዲህ ተራመደች። ጨርቁ ጎኗ ላይ እየተከፈተ እየተዘጋ ይከተላታል። «አክስቴ፣ በዚህ ልብስ ቀስ ብዬ ነው መሄድ የምችለው» አለች። ጠላፊዋ ይህን ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ጆንያ አላለችም። ለሦስት ሌሊት አንገቱንና ደረቱን በእጇ ጠለፈች። ሐር አላገኘንም፤ የሚያብለጨልጭ የጥልፍ ክር ነው የገዛነው። ከቅርብ ያስታውቃል።

ሻይ

የቀረው የሁለቱ ነጮች ጉዳይ ነው። ነርሷ መላ አመጣች። «ሻይ አፍልተን እንንከረው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቢጫ ይሆናሉ፤ ደግሞም የድሮ ይመስላል። ፎቶውን አላያችሁም?» ሁላችንም ጥሩ ሐሳብ ነው አልን። እኔ ድስት ጣድኩ። ግማሽ ፓኬት የሻይ ቅጠል እጄ ላይ ነው።

እማማ ግራ ገባቸው። «ለምንድን ነው የምታቆሽሹት?»

«እንዲያረጅ ነው እማማ» አለች ነርሷ። «የድሮ ልብስ ስለሆነ።»

«ለማን ነው የድሮ?» አሉ። «እሳቸው ሲለብሱት እኮ አዲስ ነበር!»

ድስቱን አወረድኩት።

እስከ ዛሬ የምመላለስባት ዐረፍተ ነገር ይቺ ናት። ምን ያህል ቀላል ነገር እንደሆነ ሳስበው እስቃለሁ። ልጅቷ የምትሆነው ቀሚሱ ገና ነጭ ሳለ የለበሱትን ሴት ነው። እኛ ግን ልናለብሳት የነበረው ቀሚሱ መስታወት ሣጥን ውስጥ ያሳለፈውን ዕድሜ ነው። ወጣት ሴት ነበሩ፤ ሲሞቱም ወጣት ነበሩ። ጥሩ ልብስ ሲሰፋላቸው እንደ ማንኛችንም ደስ ሳይላቸው አይቀርም። ልብሱ አዲስ ጥጥ፣ አዲስ ሐር ይሸት ነበር። በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ግን እቴጌዋም ንጉሡም መቅደላም ሁሌም አሮጌ ናቸው፤ ሁሌም እንደ ሻይ ቀለም ናቸው። ፎቶው ነው እንዲህ ያደረገኝ? መጽሐፉ? ወይስ ሐዘኑ? እንጃ።

ለሁለቱ ነጮች እማማ እንዶድ አዘዙ። ወቅጠን፣ አረፋውን አውጥተን ሁለቴ አጠብነው፤ ፀሐይ ላይ ሰጣነው። እጅጌዎቹ ነጡ። ከገላው ጋር ፍጹም አንድ አልሆኑም። ከሩቅ ግን ቀሚሱ ከሰል ላይ ቢያስቀምጡት የሚበራ ይመስል ነበር።

ድራማው ጥሩ ነበር። የቴዎድሮስ ዊግ መሃል ላይ ሊወድቅ ብሎ በእጁ ያዘው፤ አዳራሹ ሳቀ፤ እሱ ግን አልተበገረም። ልጅቷ ዓለማየሁ የሚሆነውን ልጅ አነሣችው። ትንሹ ልጅ ከተጠበቀው በላይ ይከብዳል። ከፍ ስታደርገው ነርሷ በአንድ በኩል፣ ጠላፊዋ በሌላ በኩል እጄን ጨምቀው ይዘውኛል። ሦስታችንም የምናዳምጠው ጭርርርን ነው። አልመጣም። ሰው ሲያጨበጭብ እማማ ብቻ ዓይናቸው ብብቷ ሥር እንደተተከለ ነበር።

ከዝግጅቱ በኋላ ለተማሪዎቹ ምሳ ነበር። ልጅቷ ሳትቀይር ቁጭ ብላ በላች። ማታ ቀሚሱን ስታመጣልኝ ቀኝ እጅጌው ላይ፣ አንጓው አካባቢ፣ ሰፊ የወጥ ጠብታ አርፎበታል። በሳሙና አሸሁት። በእንዶድ አጠብኩት። ቀዩ ሄደ፤ ቢጫው ቀረ። በማግስቱ ቡና ላይ ለነርሷ ሳሳያት እጅጌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ይኸው፣ ያለ ሻይ አረጀልሽ» አለችኝ።